የድምፅ ብልጫን የመረመረው ሊቅ ኮንዶርሴ

ማርኪ ደ ኮንዶርሴ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1743 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሪብሞን ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ በሒሳብ ዕውቀት ስሙ የተጠራ ሊቅ ነበር።

በ1785 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የጉባኤ ውሳኔ መቼ ሊታመን እንደሚገባው በሒሳብ መረመረ። እያንዳንዱ ፈራጅ በራሱ አእምሮ የሚፈርድና ከስሕተት ይልቅ ወደ እውነት የሚያዘነብል ከሆነ፥ ቍጥራቸው በበዛ መጠን የብዙኃኑ ፍርድ ወደ እውነት ይቀርባል፤ ወደ ስሕተት የሚያዘነብሉ ከሆነ ግን የሰው ብዛት ስሕተቱን ያጸናዋል እንጂ አያርመውም። ደግሞም ሦስት እጩዎች ሲቀርቡ፥ ብዙኃኑ አንደኛውን ከሁለተኛው፥ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፥ ሦስተኛውን ደግሞ መልሶ ከአንደኛው ሊያስበልጥ እንደሚችል ገለጠ። እንዲህ በሆነ ጊዜ አሸናፊውን የሚለየው የመራጩ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የአመራረጡ ሥርዓት ነው። ስለዚህ እጩዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንዲነጻጸሩ መከረ።

አብዮቱ በተነሣ ጊዜ የሕዝብ እንደራሴ ሆነ። በ1793 ዓ.ም. በንጉሡ በሉዊ 16ኛ ላይ የሞት ቅጣት እንዳይፈጸም ድምፁን ሰጠ። በዚያው ዓመት አዲሱን ሕገ መንግሥት ስለ ነቀፈ ጉባኤው እንዲያዝ ወሰነበት። በፓሪስ ተሸሽጎ ከቈየ በኋላ፥ በ1794 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ተይዞ በእስር ቤት ሞቶ ተገኘ። የጉባኤን ውሳኔ ሲመረምር የኖረውን ሊቅ የገዛ ጉባኤው ውሳኔ ለሞት አደረሰው፤ ትምህርቱ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም።