አር-ራዚ፦ የጽጌረዳውን ሕመም የመረመሩት ሐኪም



ከመካከላችን ከመንዝ፣ ከዘመሮ የመጣ ወንድም አለ። ልጅ ሳለ እናቱ ኩበት ባነደዱ ቁጥር ደረቱ ሲር ሲር ይል ነበር። ቤተሰቡ ብርድ መስሏቸው በባና ይጠቀልሉታል። አስም መሆኑን ያወቀው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። አሁንም ፓፉን ሰው እንዳያይበት ይደብቃል። በእርሱ ምክንያት በዚህ እትም የአቡበክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚን ሕይወት መረጥን።

አር-ራዚ በ251 ዓመተ ሂጅራ (865 እ.ኤ.አ.) ከዛሬዋ ቴህራን አጠገብ በምትገኘው በረይ ከተማ ተወለዱ። መጠሪያቸውም ከዚህችው ከተማ የመጣ ነው። ሕክምና መማር የጀመሩት ዕድሜያቸው ከ30 ካለፈ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ የረይን፣ ቀጥሎም የባግዳድን ሆስፒታል መሩ። የሆስፒታል ቦታ እንዲመርጡ በተጠየቁ ጊዜ በየሰፈሩ ሥጋ አሰቅለው፣ ሥጋው ዘግይቶ የበሰበሰበትን ቦታ እንደመረጡ ይተረካል። ኢንጂነሪንግ ለምንማረው ለእኛ ይህ ታሪክ ይጥመናል፤ ከመገመት በፊት መለካት ነውና።

አር-ራዚ ፈንጣጣን ከኩፍኝ ለይተው ጽፈዋል። የጋሌኖስን ትምህርት ሳይመረምሩ አልተቀበሉም። የአንጎል ሽፋን ብግነት ከሚያሰጋቸው ሕመምተኞች የአንዱን ቡድን ደም አስወጥተው፣ ሌላውን ሆን ብለው ትተው ውጤቱን አነጻጽረዋል። ለድሆች ቸር ነበሩ። ሐኪም ለማያገኝ ሰውም «መን ላ የሕዱሩሁ አጥ-ጠቢብ» የተባለ መጽሐፍ አዘጋጁ።

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን አንድ አጭር ጽሑፋቸው ነው። አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባሉት ዓሊም በየዓመቱ ጽጌረዳ ሲያብብ አፍንጫቸው እየፈሰሰ ይታመሙ ነበር። አር-ራዚ ብርድ ነው ብለው አላለፉትም። ሕመሙ በየትኛው ወቅት፣ ምን ሲሸት እንደሚመጣ አስተዋሉ። ዛሬ ይህን አለርጂ እንለዋለን፤ ከአስም ጋርም ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል።

በመጨረሻ ዐይናቸው ታወረ። በ313 ዓመተ ሂጅራ (925 እ.ኤ.አ.) በተወለዱባት ከተማ አረፉ። ማስታወሻዎቻቸው ከሞታቸው በኋላ ተሰብስበው «አል-ሓዊ» የተባለው ትልቅ መጽሐፍ ሆኑ።

እርሳቸው ያልነበራቸውን መድኃኒት እኛ ዛሬ በኪሳችን እንይዛለን። በአስም የአየር ቧንቧ ያብጣል፣ ጡንቻውም ይጨመደዳል። ሳልቡታሞል ጡንቻውን በደቂቃዎች ያላላል፤ እብጠቱን ግን አያጠፋም። እብጠቱን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት ነው። ደህና ነኝ ብሎ እርሱን ማቋረጥና በሳልቡታሞል ብቻ መኖር አደገኛ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም ለአዋቂዎች ሳልቡታሞልን ብቻውን አይመክርም። ፓፍ ሱስ ያስይዛል የሚለው ወሬም እውነት አይደለም።

በረመዷን ፓፍ ጾም ያስፈጥራል ወይስ አያስፈጥርም በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። በየቀኑ የሚሳበውን መድኃኒት ብዙዎች ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ይወስዱታል። ትንፋሽ ሲያጥር ግን እስከ መግሪብ መታገሥ ጀግንነት አይደለም። ለታመመ ሰው አፍጥሮ በኋላ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዶለታል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ደረታችሁ በምን ጊዜ፣ በምን ሽታ፣ በየትኛው ጭስ እንደሚጠብባችሁ ጽፋችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ያ የዘመሮው ወንድማችንም ይህን ሲያነብ ፓፉን ከሻንጣው ሥር አውጥቶ በኪሱ ይያዝ። ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥረው የት እንዳለ የዶርም ጓደኞቹ ማወቅ አለብን።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን።