ዳኛ እስከሌለው ሜዳ ድረስ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር የገና ጨዋታ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ሜዳው የግጦሽ መስክ ነው፣ ሩሯ ትከንፋለች፣ ዱላው አንዳንዴ ቅልጥም ያገኛል፣ ፊሽካ የያዘ ዳኛ ግን የለም። በወጉ የተመታው ጌታም ቢሆን መቆጣት ነውር ነው። እግር ኳሳችን ደግሞ ዋና ዳኛ አለው፣ የመስመር ዳኛ አለው፣ ኮሚሽነር አለው። ታዲያ አንዲት ፍፁም ቅጣት ምት በተሰጠች ቁጥር አስር ተጫዋች ዳኛውን የሚከበው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ ነገር ባየን ቁጥር ይድነቃቸው ተሰማ ትዝ ይሉናል።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረፁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ግን ዝናን ያገኙት በኳስ ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ 23 ዓመት ተጫውተው በክለቡ መዝገብ 318 ጎል ተቆጥሮላቸዋል።

ወጣትነታቸው ከጣሊያን ወረራ ጋር ገጠመ። በየካቲት 1933 ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ፣ ንጉሡም በጎጃም በኩል አልፈው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1936፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ ከጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት እነማን ነበሩ? የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ጦር ቡድን እና፣ ልብ በሉ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ተመልካቹ ሐዘን ላይ የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ግጥሚያ ያለ ጠብ እንዲያልቅ የዳኛው ፊሽካ መከበር ነበረበት። ደግሞም ያኔ ቢጫና ቀይ ካርድ የሚባል አልነበረም፤ ካርድ በዓለም ዋንጫ የታየው በ1970 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ ነው። ዳኛው ተጫዋቹን የሚያስጠነቅቀውም ከሜዳ የሚያስወጣውም በቃል ነበር።

ይድነቃቸው ከሜዳ ውጭ የተፋለሙት በጉባኤ አዳራሽ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ጥቁርና ነጭ ያለበት ቡድን አላቀርብም አለች። መሥራቾቹ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ አናስገባም አሉ፣ ውድድሩም በሦስት አገር ተካሄደ። የእኛ ቡድን ሳይጫወት ፍፃሜ ገብቶ በግብፅ 4 ለ 0 ተቀጣ። የዚያ ብድር የተመለሰው ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ፣ ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነስተን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን።

ፊፋ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው ጋር ተጋጥሞ ካላለፈ ዓለም ዋንጫ አይገባም ባለ ጊዜም ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተከራከሩ። አፍሪካ ከ1966ቱ ውድድር ቀረች፣ ለ1970ው ግን ሙሉ አንድ ቦታ አገኘች፣ ሞሮኮም በእሷ ሄደች። ስታድየም ውስጥ ዳኛ ላይ ድንጋይ ለሚወረውር ደጋፊ ይህ ምን ይለዋል? ውሳኔው በደል ነበር፣ በደሉም የተሻረው በደብዳቤ፣ በድምፅና ባለመሰለፍ ነው።

ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆነው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ዋንጫውን ስታነሳ፣ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ጥቁርና ነጩ በአንድ ማሊያ ነበሩ፤ እሳቸው ይህን ሳያዩ ቀርተዋል።