የእንቅልፍን መኖሪያ በአንጎል ውስጥ ያገኙት ሐኪም

ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 መጨረሻና በ1917 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት፣ ወደ ቪዬና ከተማ የአእምሮና የነርቭ ሕክምና ክፍል ግራ የሚያጋቡ ሕሙማን ይመጡ ጀመር። አንዳንዶቹ እህል በአፋቸው እንደያዙ ያንቀላፋሉ። ሲቀሰቅሷቸው ይነቃሉ፤ ለተጠየቁትም ይመልሳሉ። ብቻቸውን ሲተዋቸው ግን ወዲያው እንቅልፍ መልሶ ይወስዳቸዋል። ሳምንታትን እንዲህ የሚገፉ ነበሩ። የሌሎቹ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው አይከደንም፤ እጅና እግራቸውም አያርፍም።

እነዚህን ሕሙማን በትኩረት ከተመለከቱት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ ነበሩ።

ኤኮኖሞ በ1876 በሮማኒያ፣ በዳኑቤ ወንዝ ዳር በምትገኘው ብራይላ ከተማ ከግሪካውያን ወላጆች ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ በኦስትሪያና ሀንጋሪ መንግሥት ሥር ወደነበረችው የወደብ ከተማ ትሪየስተ ተዛወረ። ባለጸጋው አባታቸው ልጃቸው መሐንዲስ እንዲኾን ፈለጉ። ወጣቱም የአባታቸውን ቃል አክብረው በቪዬና ሁለት ዓመት ምሕንድስና ተማሩ። ልባቸው ግን ሕክምና ላይ ነበርና ፊታቸውን ወደዚያው መለሱ፤ በ1901ም በሐኪምነት ተመረቁ።

ሌላም ፍቅር ነበራቸው፤ በረራ። አውሮፕላን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን አብራሪ ኾኑ፤ ከ1910 ጀምሮም ለዓመታት የኦስትሪያን የበረራ ክበብ በፕሬዚዳንትነት መሩ። በጦርነቱም በአብራሪነት ዘመቱ። ቤተሰቦቻቸው አጥብቀው ስለለመኗቸው ግን ወደ ቪዬና ተመልሰው ጭንቅላታቸው የቆሰለ ወታደሮችን ማከም ያዙ። እነዚያ ሕሙማን በመጡ ጊዜ በስፍራው የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

በሚያዝያ ወር 1917 ኤኮኖሞ በቪዬና ለሙያ ባልደረቦቻቸው አዲሱን በሽታ አስረዱ፤ ስሙንም ኤንሴፋላይቲስ ሌታርጂካ አሉት። ትርጉሙ የሚያደነዝዝ የአንጎል ብግነት እንደማለት ነው። በሽታው በቀጣዮቹ ዓመታት በብዙ አገሮች ተዛምቶ እጅግ ብዙ ሰው ገደለ። ከ1920ዎቹ ማብቂያ በኋላ ደግሞ እንደ ወረርሽኝ አልታየም። መነሻው ምን እንደኾነ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ይህ በሽታ የቆላ ዝንብ ከሚያስተላልፈው፣ በአፍሪካ ከሚታወቀውና ለከብቶች ገንዲ ቅርብ ዘመድ ከኾነው የእንቅልፍ በሽታ የተለየ ነው።

በዚያ ዘመን ብዙዎች እንቅልፍን የሚያስቡት ነጭ ጋዙ እንዳለቀበት ኩራዝ ነበር፤ አካል ሲደክም አንጎልም አብሮ ይጠፋል ብለው። ኤኮኖሞ የሞቱትን ሕሙማን አንጎል በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ ግን ሌላ ነገር አገኙ። ጉዳቱ በዘፈቀደ የተበተነ አልነበረም። ከመጠን በላይ ይተኙ በነበሩት ላይ የተጎዳው በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል የኋላ ጫፍና ከመካከለኛው አንጎል ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ ነው። እንቅልፍ አጥተው በነበሩት ላይ ደግሞ የተጎዳው የዚሁ ክፍል የፊት ጫፍ፣ የዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት አጠገብ ያለው ነው።

ድምዳሜያቸው ግልጽ ነበር። አንጎል የሚያነቃ ሥፍራ አለው፤ የሚያስተኛም ሥፍራ አለው። እንቅልፍ እንዲሁ መጥፋት ሳይኾን አንጎል የሚሠራው ሥራ ነው።

ይህን ሐሳብ የኋላ ዘመን ምርምር አጸናው። ሁለቱ ወገኖች አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ እንደሚል ሚዛን እርስ በርስ እየተጫጫኑ ይሠራሉ። በ1998 ደግሞ ኦሬክሲን የተባለው ንቃትን የሚያጸና ንጥረ ነገር ተገኘ። ይህን የሚያመነጩ ሕዋሳት የሞቱበት ሰው ናርኮሌፕሲ በተባለ ሕመም ይያዛል። በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ከልቡ ሲስቅ ወይም ሲደነግጥ ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል።

እንቅልፍና ስሜት መያያዛቸው በኤኮኖሞ ዘመንም ታይቷል። ከበሽታው ከተረፉት ሕፃናት አንዳንዶቹ ጠባያቸው ተለውጦ ነበር። ገር የነበረው ልጅ ቁጡ፣ ተደባዳቢና ራሱን መግታት የማይችል ይኾናል። ሰው ያየው ብልግና ነበር፤ ችግሩ ግን ከተጎዳው አንጎል የመጣ ነው። ከአዋቂዎቹም ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ እንደ ፓርኪንሰን ባለ ሕመም እጅና እግራቸው ተሳስሮ ቀርተዋል።

ኤኮኖሞ በ1925 ከግሪካዊው ሐኪም ጊዮርጊዮስ ኮስኪናስ ጋር የአንጎልን ገጽ አሠራር በዝርዝር የሚያሳይ ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬ በስማቸው የሚጠሩት እንዝርት መሳይ የነርቭ ሕዋሳትም የሚገኙት ከስሜትና ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር በተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ነው። በ1931 በቪዬና የአንጎል ምርምር ክፍል እንዲመሩ ተሾሙ። ብዙም ሳይቆዩ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በ55 ዓመታቸው በልብ ሕመም ዐረፉ።

የእኚህ ሐኪም ሕይወት ለገበሬውም ለከተሜውም የሚተርፍ ነገር አለው። ማሳ ሲጠብቅ ያደረ ሰው በማግስቱ በትንሽ ነገር የሚቆጣው ክፉ ስለኾነ ላይኾን ይችላል። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ቁጣንና ፍርሃትን የሚያስነሣው ክፍሉ ይበረታበታል፤ የሚገታው የፊት ለፊት ክፍሉ ደግሞ ይላላበታል። ሌሊቱን በቂ ተኝቶ ቀን በሥራ ላይ፣ በማዕድ ላይ ወይም በጨዋታ መካከል ደጋግሞ የሚያንቀላፋ ሰውም ሰነፍ ከመባሉ በፊት ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባዋል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ልጅም እንዲሁ ከበትር በፊት ምርመራ ያስፈልገዋል።