አባ ጎርጎርዮስና የአማርኛ ሰዋስው

ከሰሚት ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ ለትምህርት የሚመጣ ተማሪ የሰፈሩ ስም የእንግሊዝኛ ቃል መሆኑን ያውቅ ይሆናል። ነገር ግን ከሰሚት፣ በሰሚት፣ የሰሚት እያለ ሲናገር እንግዳውን ቃል በአማርኛ ሕግ ያስተዳድረዋል። ይህን ሕግ ሁላችንም ከእናታችን አፍ ወርሰነዋል እንጂ ከመጽሐፍ አልቀዳነውም። ሕጉ በመጽሐፍ ተጽፎ ለዓለም እንዲታይ ግን የአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ድካም አስፈልጓል። እኒህ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ዛሬ ሕይወታቸውን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ በ1600 ግድም በዐማራ አገር ተወለዱ። ዘመኑ የሃይማኖት ክርክር አገሪቱን ያናወጠበት ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ አባ ጎርጎርዮስ ከፓትርያርኩ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ቆሙ። በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡና ኢየሱሳውያን ካህናት ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ጎርጎርዮስም የስደትን እንጀራ ቀመሱ፤ በመጨረሻም ሮማ ደረሱ። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ባለው የሐበሾች ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ተቀመጡ።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደዚሁ ቤት መጣ። ግእዝን ከመጻሕፍት ተምሯል፤ ድምፁንና የሕዝቡን መነጋገሪያ አማርኛን ግን ከሕያው አንደበት መስማት ነበረበት። የሁለቱ ወዳጅነት ከዚህ ጀመረ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዛቸው። በዚያ ክረምት ስደተኛው ካህን አስተማሪ፣ አውሮፓዊው ሊቅ ደግሞ ተማሪ ሆኑ።

ሥራው ቀላል እንዳልነበረ ለመረዳት አልሰበርኩትም የምትለውን አንዲት ቃል እንመልከት። አል ከፊት፣ ም ከኋላ ሆነው ያፈርሳሉ፤ ኩ አድራጊውን፣ ት ተደራጊውን ያመለክታሉ፤ በመካከል ሰ፣ በ፣ ረ የተባሉት ሦስት ሥሮች ይገኛሉ። ከነዚሁ ሥሮች ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰበረ ይወጣሉ። በላቲን ሰዋስው ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ብቻውን እንዴት ይፈታዋል? ደግሞም ግሣችን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ መቀመጡ ጉድለት የሚመስለው ካለ ይሳሳታል። ከአማርኛ ጋር የዘር ዝምድና የሌላቸው የቱርክ ቋንቋና የህንዱ ጉጅራቲም ግሣቸውን ወደ መጨረሻ ያኖራሉ። እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ሕግ ሊለካ ይገባዋል።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ከተመለሱ በኋላም ከወዳጃቸው ጋር በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ግን መርከባቸው በሶርያ ጠረፍ ሰጠመ፤ እርሳቸውም አገራቸውን ዳግም ሳያዩ ባሕር ውስጥ ቀሩ። የድካማቸውንም ፍሬ አላዩም። የሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 በለንደን ታተመ። የአማርኛው ሰዋስው የወጣው በ1698 በፍራንክፈርት ሲሆን፣ ይህም አባ ጎርጎርዮስ ካረፉ 40 ዓመት በኋላ ነው። ሉዶልፍ የመምህሩን ውለታ አልካደም፤ ሥዕላቸውን ሳይቀር በመጽሐፉ አሳትሟል። ይሁን እንጂ በአማርኛው ሰዋስው ላይ ደራሲ ሆኖ የተጻፈው የሉዶልፍ ስም ነው።

ከዚያም ወዲህ ኢዘንበርግ በ1842፣ ፕሬቶርዩስ በ1879 የአማርኛን ሰዋስው ጻፉ፤ ሁለቱም የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን የመሰሉ የአገር ልጆች በ20ኛው ምዕተ ዓመት ይህን ሥራ ባይዙት ኖሮ ስለ አንደበታችን ከሌላው ብቻ እንጠይቅ ነበር።

ሰዋስው ማለት በግእዝ መሰላል ማለት ነው። አባ ጎርጎርዮስ መሰላሉን ይዘው ሌላው እንዲወጣበት አደረጉ። እኛ ተማሪዎች ግን ይህን ታሪክ አንብበን ማድነቅ ብቻ አይበቃንም። በየገጠሩ ገና ሰዋስው ያልተጻፈላቸው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አሉ፤ ተናጋሪዎቻቸውም ከእኛው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። መረጃ ሰጪ ሆነን ከምንቀር ጸሐፊዎች ለመሆን እንነሣ።