ተሰማ እሸቴ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ (እ.ኤ.አ. 1876 – 1964) ኢትዮጵያዊ ባለቅኔ፣ ዘፋኝና የቤተ መንግሥት ባለሟል ነበሩ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው በቆዩበት ጊዜ በርሊን ከተማ ውስጥ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በዚህም ለሽያጭ በተዘጋጀ ሸክላ ላይ ድምፁ የተቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ተደርገው ይቆጠራሉ። የእግር ኳስ ሰው የሆኑት የይድነቃቸው ተሰማ አባትም ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ተሰማ የተወለዱት በሸዋ፣ ምንጃር ውስጥ ነው። ያደጉበት ዘመን አዲስ አበባ የተቆረቆረችበትና የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከውጭ የሚመጡ አዳዲስ መሣሪያዎችን በጉጉት የሚቀበልበት ነበር። ስልክ፣ ፖስታ፣ የባቡር ሐዲድና አውቶሞቢል ወደ አገሪቱ የገቡት በዚሁ ዘመን ነው። ተሰማም በግጥም ችሎታቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው ታውቀው ወደ ቤተ መንግሥቱ ቀረቡ።

በዘመኑ መሰንቆ ይዞ መዝፈን የአዝማሪ ሙያ ተደርጎ ይታይ ነበር። አዝማሪ በየድግሱ የሚፈለግ፣ ነገር ግን በማኅበራዊ ደረጃው ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሰው ነው። ተሰማ ግን የቤተ መንግሥት ሰው ሆነው ሳለ ግጥምንና ዜማን አልተዉም። ዛሬም አንዳንዶች ነጋድራስ፣ ሌሎች ደግሞ አዝማሪ እያሉ ይጠሯቸዋል።

ድምፅ መቅጃ በምኒልክ ቤተ መንግሥት

የተቀረጸ ድምፅ ለቤተ መንግሥቱ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የድምፅ መልእክት በፎኖግራፍ ልከው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በተመሳሳይ መንገድ መልስ ሰጥተዋል። የንግሥቲቱ መልእክት ከተሰማ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል።

ይህ መልእክት የተቀረጸው በሰም በርሜል ላይ ሲሆን ለአንድ አድማጭ ብቻ የታሰበ ነበር። ሸክላ የሚለየው ከአንድ እናት ቅጂ ብዙ ቅጂ እየታተመ ለገበያ ሊቀርብ በመቻሉ ነው። የተሰማ እሸቴ ሥራ በታሪክ ልዩ ቦታ የያዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጀርመን ጉዞና የሸክላ ቅጂ

ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1908 (በ1900 ዓ.ም. ገደማ) በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ወደ ጀርመን ሄዱ። የጉዟቸው ዓላማ ዘፈን አልነበረም፤ ገና አዲስ ስለነበረው አውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ነበር የተላኩት። ሸክላዎቹን ያስቀረጹት በዚሁ ቆይታቸው ነው።

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ ጥቅም ላይ አልዋለም። ዘፋኙ በአንድ ትልቅ ጡሩምባ መሰል ቀንድ ፊት ቆሞ ይዘፍናል። ድምፁ በቀንዱ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር ሰም ላይ ጠመዝማዛ መስመር ይቀርጻል። ከሰሙ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ በብረቱም ብዙ ሸክላዎች ይታተማሉ። ስህተት ቢፈጠር ከመሐል ቆርጦ ማረም ስለማይቻል ዘፈኑን እንደገና ከመጀመሪያው መቅረጽ ግድ ነበር።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል የሚዞር፣ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የመሰንቆ ዘፈን ግን እንደ ድግሱ ሁኔታ የሚረዝም፣ አድማጩ ግጥም እየሰጠ የሚያስቀጥለው ጨዋታ ነው። በርሊን ውስጥ ግጥም የሚሰጥ ታዳሚ አልነበረም። ስለዚህ ተሰማ ይህን ረጅም ጨዋታ ቋንቋቸውን በማያውቁ ባለሙያዎች ፊት አሳጥረው ማቅረብ ነበረባቸው።

ከልጅ ኢያሱ ዘመን በኋላ

ተሰማ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ለአልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ቅርብ ከሆኑት ሰዎች አንዱ ሆኑ። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ልጅ ኢያሱ ዞረ። ተሰማ የሚጠሩበት ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ በመጀመሪያ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ንግድንና የቀረጥ አሰባሰብን ለሚመራ ሹም የሚሰጥ ነበር።

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ለእርሳቸው ቅርብ የነበሩ ሰዎችም ዕጣ አብሮ ተለወጠ። ተሰማም በቤተ መንግሥት የነበራቸውን ቦታ አጡ። ከዚህ በኋላ በይበልጥ የሚታወቁት በግጥማቸው ነው።

ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1921 ጅማ ተወለዱ። ይድነቃቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ፣ ከ1972 እስከ 1987 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ።

ግጥምና አነጋገር

ተሰማ በሰምና ወርቅ ግጥም ይታወቃሉ። በዚህ የአነጋገር ስልት አንድ ስንኝ ላይ ላዩን የሚሰማ ትርጉም (ሰም) እና በውስጡ የተደበቀ ዋና ሐሳብ (ወርቅ) ይኖረዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል።

ድምፃቸው መቀረጹ ለዚህ ስልት ጥናት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ፊደል ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም። ለምሳሌ «ገና» ላልቶ ሲነበብ አንድ ነገር አለመድረሱን ይገልጻል፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን የልደት በዓል ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ባለቅኔው ራሱ ሲዘፍነው ግን የትኛውን ፊደል እንዳጠበቀ፣ የትኛውን ቃል ከሚቀጥለው ጋር እንደገጠመና የት ትንፋሽ እንደወሰደ ይሰማል።

ሸክላዎቹን ፍለጋ

የዘመኑ ሸክላ እንደ ኋለኛው ቪኒል ከፕላስቲክ የተሠራ አይደለም። ዋናው ማያያዣ ከነፍሳት የሚገኝ ሼላክ የተባለ ሙጫ ሲሆን የድንጋይ ዱቄት ይጨመርበታል። በመሆኑም ከእጅ ከወደቀ ይሰበራል፤ የብረት መርፌውም በተጫወተ ቁጥር መስመሩን ይበላዋል። ሸክላውን የሚወድ ሰው ደጋግሞ ባጫወተው መጠን ያበላሸዋል ማለት ነው። የተሰማ ሸክላዎች ከዚህ በተጨማሪ ጦርነትንና የመንግሥት ለውጦችን ማለፍ ነበረባቸው።

በኢትዮጵያ የሸክላ ሰብሳቢዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት ከእነዚህ ብዙ ዓመታት በኋላ የታተሙት በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትናንሽ ቪኒሎች ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት አምሃ ሪከርድስ፣ ፊሊፕስና ካይፋ ያሳተሟቸው የእነ ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሙላቱ አስታጥቄ ሸክላዎች የኤሌክትሪክ ጊታርን፣ ኦርጋንንና የነፋስ መሣሪያዎችን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ያዋሕዳሉ። ካሴት ገበያውን ከያዘ በኋላ የእነዚህ ሸክላዎች ኅትመት ቆመ። ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀውና ቡዳ ሙዚክ ያሳተመው ኢትዮፒክስ የተሰኘ ተከታታይ ኅትመት ይህን ሙዚቃ በዓለም አስተዋውቋል። የተከታታዩ 27ኛ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ለተሰማ እሸቴ የተሰጠ ሲሆን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀረጻ መቶኛ ዓመት ያስታውሳል። ይህም ከአንድ ክፍለ ዘመን በፊት የተቀረጸው ድምፅ የሸክላ ማጫወቻ ወደሌላቸው አድማጮች እንዲደርስ አድርጓል።

ቅርስ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከማርሽ ባንዶችና ከ1960ዎቹ ኦርኬስትራዎች ነው። የተሰማ ሸክላዎች ግን የተቀረጸው ታሪክ ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ በአንድ ድምፅና በመሰንቆ ቅኝት እንደጀመረ ያሳያሉ። በዚህ ምክንያት በሙዚቃ፣ በሥነ ጽሑፍና በቋንቋ ጥናት ስማቸው ይነሣል።