ዶክተር ግሬስ ሆፐርና የማጠናቀር ሙያ



በቤይሩት ዳርቻ፣ በዓይን ኤል ረማነህ፣ እሑድ እሑድ ለእኅቶቻችን የኮምፒዩተር ትምህርት እንሰጣለን። እነርሱም ሳምንቱን በየሰው ቤት ሲሠሩ ሰንብተው በዕረፍት ቀናቸው የሚመጡ ናቸው። የምንማርባቸው ኮምፒዩተሮች ሌሎች የጣሏቸው አሮጌዎች ናቸው። ባለፈው ክረምት ያገኘነው አዲስ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በአንዳቸውም ላይ አልሠራ አለ፤ የተዘጋጀው ለባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ሲሆን የእኛዎቹ ባለ 32 ቢት ነበሩና። ከመካከላችን ገሚሱ ኮምፒዩተሮቹ ይጣሉ ሲል ገሚሱ ፕሮግራሙ ለአሮጌዎቹ እንደገና ይጠናቀር አለ። ማጠናቀር ማለት ሰው የጻፈውን ትእዛዝ መኪናው ወደሚረዳው ቁጥር መመለስ ነው። በክርክሩ መካከል የሙያው ጀማሪ የሆኑት ሴት ታሪክ ተነሣ፤ ለሁላችሁም ይጠቅማል ብለን እነሆ አቅርበነዋል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ግሬስ ሆፐር በ1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ገና በሰባት ዓመታቸው የሰዓትን አሠራር ለማወቅ ሲሉ የቤቱን የደወል ሰዓቶች አንድ በአንድ እንደ ፈታቱ ይነገርላቸዋል። በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ በቫሳር ኮሌጅም አስተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ባሕር ኃይል ለመግባት ቢጠይቁ ክብደታቸው ከተወሰነው በታች ሆኖ ተገኘ፤ ስለሆነም በልዩ ፈቃድ በ1943 ገቡ። በ1944 ወደ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተልከው፣ ማርክ 1 ለተባለው ግዙፍ የሒሳብ መኪና ፕሮግራም ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆኑ።

በዚያ ዘመን መኪናን ማዘዝ የሚችሉት የቁጥር ቋንቋውን የሚያውቁ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። የአንዱ መኪና ትእዛዝ ለሌላው አይሆንም፤ በመሆኑም መኪናው በተለወጠ ቁጥር ሥራው ከሀ ሁ ይጀመር ነበር። ሆፐር ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር በሚሠራው ኩባንያ ሳሉ በ1952 ኤ-0 የተባለውን አጠናቃሪ ሠሩ። ይኸውም ቀደም ብለው ተጽፈው በቴፕ የተቀመጡ የትእዛዝ ክፍሎችን በመለያ ቁጥራቸው እየፈለገ፣ አሰባስቦ አንድ ሙሉ ፕሮግራም የሚያወጣ ነበር። ኮምፒዩተር ሒሳብ ከማስላት በቀር ሌላ አይችልም ይባል ስለ ነበር ለብዙ ጊዜ የሚያምናቸው አላገኙም።

እርሳቸው ግን ሰው በሚናገረው ቃል መኪናን ማዘዝ ይቻላል ብለው ተነሡ። አንድ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ጽፈው ለአለቆቻቸው አሳዩ። አለቆቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ መኪና እንዴት የባዕድ ቋንቋ ይሰማል ብለው ደነገጡ። ለመኪናው ግን ሦስቱም ያው ነበሩ፤ ቃሉን ወደ ቁጥር የሚመልሰው አጠናቃሪው ነውና። ከዚህ ሐሳብ ፍሎው-ማቲክ የተባለው ቋንቋ ተወለደ፤ በ1959 የኩባንያዎችና የመንግሥት ባለሙያዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት ኮሚቴም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ኮቦልን አወጣ። በ1960 መጨረሻ አንድ የኮቦል ፕሮግራም፣ ከጥቂት ለውጥ ጋር፣ በሁለት ኩባንያዎች መኪናዎች ላይ፣ ማለትም በዩኒቫክ 2 እና በአርሲኤ 501 ላይ ሠራ።

ባሕር ኃይሉ በ1966 መጨረሻ በዕድሜ ምክንያት በጡረታ አሰናበታቸው፤ በማግሥቱ ዓመት ግን መልሶ ጠራቸው። ልዩ ልዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው የኮቦል አጠናቃሪዎች አንድ ሕግ መጠበቃቸውን የሚፈትን ሥራ መሩ። ለስድስት ወር የተባለው ጥሪ ለዓመታት ቀጠለ። በ1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ በሪር አድሚራል ማዕረግ ተሰናበቱ፤ በ1992 የዘመን መለወጫ ዕለት ዐረፉ።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። የመጻፊያው ፕሮግራም ምንጭ፣ ማለትም ሰው የሚያነበው ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት ነበር። በአንድ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሆነን ለአሮጌዎቹ ፕሮሰሰሮች እንደገና አጠናቀርነው። ሁለት ጊዜ ከሸፈብን፤ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውንም ክፍሎች እንዲሁ ማጠናቀር ነበረብንና። በሦስተኛው ሠራ። በተከታዩ እሑድ አንዲት እኅታችን ለእናቷ የመጀመሪያ ደብዳቤዋን በፊደላችን ጻፈች።

በየአገሩ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ከመጣላችሁ በፊት የፕሮግራሙ ምንጭ የት እንዳለ ጠይቁ። ሙያውንም ተማሩ፤ ማጠናቀር የማያውቅ ሌላው ለሚያጠናቅረው ብቻ ተገዥ ሆኖ ይኖራልና።