ተዋናይ ዮሴፍ ሺሎአህ ማን ነበሩ?

የቆዩ የእስራኤል ፊልሞችን የተመለከተ ሰው ሁሉ መልካቸውን ያስታውሳል፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ዮሴፍ ሺሎአህ እ.ኤ.አ. በ1941 በኩርዲስታን ተወለዱ። በዘጠኝ ዓመታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እስራኤል ገቡ። ጊዜው ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት የሰፈረበት የመዓባራ ዘመን ነበር። የእኛዋ ቂርያት ማላኪም በ1951 የተጀመረችው እንደዚሁ በመዓባራ ነው። ስሟም የተወሰደው ገንዘብ ከረዷት አይሁዶች ከተማ ከሎስ አንጀለስ፣ የሆሊውድ አገር ከሆነችው «የመላእክት ከተማ» ነው።

ሺሎአህ በራማት ጋን ቤት ጽቪ ትወና ተማሩ። በዚያን ጊዜ «ቡሬካስ» የሚባሉ ፊልሞች ይወደዱ ነበር። እነዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ አስቂኝ ፊልሞች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አገሮችና ከአውሮፓ በመጡ አይሁዶች መካከል ያለውን ጠብ አሳይተው በሠርግ ያልቃሉ። ሐያስያን ናቋቸው፤ ሕዝቡ ግን ሲኒማ ቤቱን ሞላ። ሺሎአህም በ1975 «ሐጊጋ በስኑከር» እና በ1986 «አሌክስ ሖሌ አሃቫ» በተባሉት ፊልሞች ታወቁ። በሁለተኛው ላይ ከፋርስ የመጣውን ፋሩክን ሆነው ተጫውተዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። «ፖሊሱ አዙላይ» (1971)፣ «እወድሻለሁ ሮዛ» (1972) እና «በሸሉሽ ጎዳና ያለው ቤት» (1973) የተባሉት የእስራኤል ፊልሞች ተከታትለው ለኦስካር ታጭተዋል። ሺሎአህ በሦስቱም ውስጥ አሉ፤ በአንዱም ግን ዋናው ተዋናይ አልነበሩም። በ1988 ደግሞ በከፊል እስራኤል ውስጥ በተቀረጸው «ራምቦ 3» ከስታሎን ጋር ተጫውተዋል።

ቡሬካስ ፊልሞች ቅሬታም አስከትለዋል። ተመራማሪዋ ኤላ ሾሐት በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፊልሞቹ የምሥራቅ አይሁዶችን በተዛባ መልክ እንደሚያቀርቡ ጽፈዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባት ወይም እናት በልጅ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ በዕብራይስጥ ሲናገሩ የሚስቅ ሰው ሲኖር፣ ልጁም ሲያፍር ያየን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ የሺሎአህን አጨዋወት ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከዚያ ከሚያስቀው አነጋገር በስተጀርባ ክብሩን የሚፈልግ ሙሉ ሰው ያገኛል። ትንሽ ሚና ተሰጥቷቸው ትልቅ ሰው አድርገው አቀረቡት።

ሺሎአህ ጃንዋሪ 3 ቀን 2011፣ በ69 ዓመታቸው አረፉ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008፣ ሽሙኤል ብሩ የቤተ እስራኤልን ቤተሰብ ኑሮ «ዝሩባቤል» በተባለው ፊልም አሳይቷል። ታሪካችንን ራሳችን መናገር ጀምረናል ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን ፊልሞች ከልጆቻችሁ ጋር ብታዩ መልካም ነው። ሲስቁ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ የምትስቁት በሰውየው ነው ወይስ ከሰውየው ጋር?